መንገዱ ክፍት ነው ወይ?

ነገሩ የሆነው በ2014 ነው። ወደ አሶሳ ለመሄድ ጓዜን ሸክፌ ተቀምጫለሁ። ያኔ በነቀምቴና በመንዲ የሚያልፈው መንገድ በጸጥታ ችግር አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። እኔም ወሬ ከምጠይቅ ብዬ የአንድ መሥሪያ ቤት የፌስቡክ ገጽ ከፈትኩ። ምን አገኘሁ መሰላችሁ? ስብሰባ። ከሥሩ ሌላ ስብሰባ። ከእሱም ሥር የስብሰባው ማጠቃለያ!

ከፎቶዎቹ ግርጌ ግን ሰው ነበር። «መንገዱ ተከፈተ እንዴ?» ይላል አንዱ። «እናቴ ታማብኝ ነው፣ እባካችሁ ንገሩኝ» ትላለች ሌላዋ። ሦስተኛው ስለ ደረቀ ቧንቧ ያማርራል። መልስ የሚባል ነገር የለም፤ አንድም! የኋላ ኋላ የመለሰልኝ መናኸሪያ ያገኘሁት የአውቶቡስ ሾፌር ነው። መንዲ ላለ ጓደኛው ደወለና «ጋሼ፣ ዛሬስ ይቅርብዎት» አለኝ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም።

ሾፌሩ የቻለውን ቢሮው ለምን አቃተው? ገጹን የሚይዘው ልጅ ሰነፍ ስለሆነ አይመስለኝም። የስብሰባ ፎቶ የለጠፈ ማንም አይጠይቀውም፤ «መንገዱ ዝግ ነው» ብሎ የመለሰ ግን «ማን ፈቀደልህ?» ሊባል ይችላል። ስለዚህ ዝም ይላል። በሪፖርት የሚቆጠረውም የተለጠፈው ዜና እንጂ የተመለሰው ጥያቄ አይደለም።

ልማዱ ከፌስቡክም ይቀድማል። በ1990ዎቹ ወረዳ ኔት ሲዘረጋ ወረዳውን በሳተላይት ከክልልና ከፌዴራል አገናኘ። የበላይ አካል የወረዳውን ሹም በስክሪን መሰብሰብ ቻለ። ሹሙና ገበሬው የሚደማመጡበት ገመድ ግን አብሮ አልተዘረጋም። ዛሬም ዕቃው ተለወጠ እንጂ አነጋገራችን ያው ነው፤ ከላይ ወደ ታች።

ሕግ ጠፍቶም አይደለም። አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ ለጠየቀው ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን ይከለክላል። ደግ ነው። ግን እውነቱን የሚያውቀው ቢሮ ዝም ካለ፣ ሐሰቱን ማን ያርመዋል? ዝምታ ባዶውን አይቀመጥም፤ ወሬ ይሞላዋል። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ደግሞ ወሬ ቀልድ ያልሆነበት አገር ነው። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 በመተከል ዞን፣ ቡለን ወረዳ፣ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰዎች ተገደሉ። በእንዲህ ያለ ቀን «ወንድሜ አለ ወይ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው፣ የመንግሥት ገጽ የስብሰባ ፎቶ ቢያሳየው ምን ይባላል?

ሲሆን ይታያል። ስፔን ውስጥ ግራናዳ አጠገብ 3,500 ያህል ሰው የሚኖርባት ኹን የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ከንቲባዋ ነዋሪውን በትዊተር ያነጋግሩ ነበር። የመንገድ መብራት መበላሸቱን አንዱ ይጽፋል፤ ከንቲባው ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ያስተላልፋሉ፤ ሠራተኛው ጠግኖ ፎቶውን ይልካል። አለቀ። ምስጢሩ ትዊተር አይደለም፤ ጥያቄው ስም ባለው ሠራተኛ እጅ መግባቱ ነው።

«እሱ አውሮፓ ነው፤ የእኛ ሰው ስማርት ስልክ የት አለውና?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ እናቶች ሁሉ ፌስቡክ ላይ አይገኙም፤ አማርኛም ለሁሉም አይቀናም። ስለዚህ መልሱ እዚያው ገጹ ላይ መቅረት የለበትም። ለተማሪው ልጅ የተመለሰው ጥያቄ በአካባቢው ቋንቋ በቀበሌ ሰሌዳ ይለጠፍ፣ በገበያ ቀን ይነገር፣ ከጁምዓ በኋላ መስጊድ ደጃፍ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይሰማ።

እኔ የምለምነው ብዙ አይደለም። በየወረዳው አንድ ሰው፣ «አላውቅም፣ አጣርቼ ነገ እነግራችኋለሁ» ብሎ የመመለስ ፈቃድ ይሰጠው። ነገ ደግሞ ይንገረን። ስብሰባውንም ተዉ አንልም፤ ከፎቶው ሥር የቆመችውን፣ እናቷ የታመመችባትን ልጅ ግን እያያችሁ አትለፏት።