መጋቢን የሚገሥጽ መጽሐፍ

ዲትሪሽ ቦንሆፈር በፊንከንቫልደ ይመራው የነበረውን የመጋቢዎች ማሠልጠኛ ጌስታፖ እ.ኤ.አ. በ1937 ዘጋው። «የጋራ ሕይወት» የተጻፈው በማግስቱ ዓመት ነው። ካነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ ይህን የማስበልጠው መጋቢን ስለሚገሥጽ ነው። በልቡ የሣላትን ጉባኤ እየወደደ እግዚአብሔር በሰጠው ምዕመን ላይ የሚያጉረመርም አገልጋይ ኅብረቱን ያፈርሳል፤ ማጉረምረሙ በጸሎት ቢሆንም እንኳ። ይህን ሳነብ ስለ ምዕመናን ከጸለይኳቸው ጸሎቶች ብዙዎቹ ክስ እንደ ነበሩ ገባኝ።

ጉባኤ በአንድ ድምፅ ብቻ ይዘምር ማለቱን ግን አልቀበልም፤ በድምፅ ተከፋፍሎ የሚዘምር ሁሉ ለታይታ አይዘምርም (የመዘምራን አሠልጣኞቻችን ይመስክሩ)።

ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ምዕራፍ ነው፤ ኃጢአትን ለወንድም ስለ መናዘዝ ይናገራል። መጋቢ ለማን ይናዘዛል? በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ ሦስት ስሞች ጽፌ ሁለቱን ሰረዝኩ።