የደከመ ሲግናል፣ የተረበሸ መስመር

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የወገኖቻችንን ቤት ኤሌክትሪክ ስሠራ ደጋግሞ የሚገጥመኝ ነገር ኤክስ-10 የሚባለው፣ በቤቱ ሽቦ ትእዛዝ እየላከ መብራት የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ ነው። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ከብዙ ዓመት በፊት አስገጥመውት ከነቤቱ ተሽጦ የመጣ ነው። ገዢው ቁልፍ ተረክቦ ሲገባ ግድግዳው ላይ ለየት ያለ ማብሪያ ያያል፤ አልጋው አጠገብ ደግሞ ቁልፎች የተደረደሩበት ትንሽ ሳጥን ያገኛል። አንዱን ሲጫን የሳሎኑ መብራት ይበራል፣ ሌላውን ሲጫን የበረንዳው ይጠፋል። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ የደረጃው መብራት አልታዘዝ ይላል፤ ወይም ቀን ደህና ውሎ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ይለግማል። ያኔ ይደወልልኛል። ጥያቄውም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ማብሪያውን ብትቀይርልንስ?»

ለመቀየር አልቸኩልም። ማብሪያው ራሱ ተበላሽቶ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ ችግሩ ያለው መስመሩ ላይ ነው፤ እሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ሲግናሉ መንገድ ላይ ተበልቶ ደክሞ ይደርሳል። ሁለተኛው፣ ሲግናሉ በጉልበቱ ይደርሳል፤ ነገር ግን መስመሩ በረብሻ ስለተሞላ ተቀባዩ ለይቶ አይሰማውም። በሁለቱም ቤተሰቡ የሚያየው አንድ ነገር ነው፤ መብራቱ አይታዘዝም። የትኛው መሆኑን ሳይለዩ ዕቃ መግዛት የሰው ገንዘብ ማባከን ነው ብዬ አምናለሁ።

ኤክስ-10 እ.ኤ.አ. በ1975 ስኮትላንድ ውስጥ፣ ግሌንሮዝስ ከተማ በነበረው ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ የተፈለሰፈ ነው። ሐሳቡ ደፋር ነበር። ቤቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ አስቀድሞ ተዘርግቷል፤ ታዲያ ትእዛዙም በዚያው ሽቦ ቢሄድስ? በአሜሪካ ቤት ያለው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ በእያንዳንዱ ዙር ቮልቴጁ ሁለት ጊዜ ዜሮን ያቋርጣል። ላኪው፣ ማለትም ያ ባለ ቁልፍ ሳጥን፣ ያቺን ቅጽበት ጠብቆ 1 ሚሊሰከንድ የሚቆይ የ120 ኪሎኸርዝ ምት ይለቅቃል። ምቱ መኖሩና አለመኖሩ እየተጣመረ የቤቱን ፊደል፣ የመብራቱን ቁጥር፣ ከዚያም ትእዛዙን ይሠራል። ፊደሎቹ ከኤ እስከ ፒ 16 ናቸው፣ ቁጥሮቹም 16፤ በድምሩ 256 አድራሻ ይወጣቸዋል። አድራሻውም ትእዛዙም እየተደገመ ስለሚላክ አንዱን መብራት ማብራት 0.8 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። «ለምን ይዘገያል?» ለሚሉኝ መልሴ ይኸው ነው።

ላኪው ሲለቅቀው ጥቂት ቮልት የነበረው ሲግናል መብራቱ ጋ ሲደርስ በሚሊቮልት የሚቆጠር ይሆናል። ተቀባዩ ለመስማት 100 ሚሊቮልት ያህል ካገኘ በቂው ነው። የቀድሞዎቹ ተቀባዮች ደግሞ መልስ አይሰጡም። ላኪው ትእዛዙ ይድረስ አይድረስ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ስለዚህ ሲበላሽ ምንም ምልክት ሳይሰጥ ነው።

ሲግናል የሚበላው ማነው? በአብዛኛው ካፓሲተር ነው። ቴሌቪዥን፣ ኮምፒውተር፣ ዩፒኤስ፣ ከመብረቅና ከድንገተኛ የቮልቴጅ ጭማሪ የሚከላከል ዲቫይደር አብዛኛውን ጊዜ መግቢያው ላይ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ካፓሲተር አለው። የተቀመጠው ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ እንዲያጠፋ ነው፤ የእኛ ሲግናልም ለእሱ ከሌላው አይለይም። ሂሳቡን አንድ ጊዜ ሠርቶ ማየት ጥሩ ነው። 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ60 ኸርዝ ላይ 26,500 ኦም ያህል ይከላከላል፤ ለቤቱ ኤሌክትሪክ የለም ማለት ይቻላል። በ120 ኪሎኸርዝ ላይ ግን ፍሪኩዌንሲው 2,000 ጊዜ ስለሚበልጥ ያው ካፓሲተር 13 ኦም ብቻ ይሆናል። በአገር ቤት ሠፈራችን ታችኛው ግቢ ያለው ቧንቧ ተከፍቶ ሲተው ላይኛው ግቢ ውኃ እንደሚያጣ፣ ከዲቫይደሩ አጠገብ ያለው መብራትም ሲግናል ያጣል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ ቤት የገጠመኝ ልክ ይኸው ነበር። የደረጃው መብራት ከገና ወዲህ አልታዘዝ ብሏል። ላኪውን ቤዝመንት ወርጄ የብሬከሮቹ ፓኔል አጠገብ ያለ ሶኬት ላይ ሰካሁና ሳያቋርጥ እንዲልክ አደረግሁት። ሲግናል የሚለካውን መሣሪያ ደግሞ ደረጃው አጠገብ ሰካሁ፤ ሶኬት ላይ የሚገባ፣ ሲግናሉ በጨመረ ቁጥር ተደርድረው የሚበሩ ትናንሽ መብራቶች ያሉት ነው። ባለቤቱ መሣሪያው አጠገብ ቆሞ የሚያየውን እየጮኸ ይነግረኛል። የላኪውንና የደረጃውን ብሬከር ትቼ ሌላውን ሁሉ አጠፋሁ። «ሁሉም በርቷል!» አለኝ። ብሬከሮቹን አንድ በአንድ መመለስ ጀመርኩ። የወጥ ቤቱ ሲመለስ ምንም አልተለወጠም። የመኝታ ቤቶቹም እንደዚያው። የሳሎኑን ሳነሳ ግን «ወረደ፣ ወረደ፣ አንድ ብቻ ቀረ» አለ። ወጥቼ ሳሎን ገባሁ። ለገና የተገዛው ትልቅ ቴሌቪዥን ጀርባ አዲስ ዲቫይደር ተጋድሟል፤ እሱን ነቀልኩ። መብራቶቹ እንደገና ተደረደሩ።

«ቲቪው እኮ ጠፍቶ ነው ያለው» አለኝ ባለቤቱ ተገርሞ። እውነቱን ነው፤ ግን ካፓሲተሩ ከማጥፊያው በፊት ስለሚቀመጥ ሶኬቱ ላይ እስከተሰካ ድረስ ሥራውን አያቋርጥም። ይህን ከቤተሰቡ ፊት ማሳየት እወዳለሁ። ነቅሎ፣ መልሶ ሰክቶ፣ መብራቶቹ ሲወርዱና ሲወጡ በዓይኑ ያየ ሰው ሌላ ጊዜ አዲስ ዕቃ ሲገዛ ራሱ ያስብበታል። መፍትሔው በሶኬቱና በዲቫይደሩ መካከል የሚገባ ፊልተር ነው፤ 60 ኸርዙን ያሳልፋል፣ 120 ኪሎኸርዙን ያግዳል። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቅቃለሁ። ፊልተሩ ላይ የተጻፈውን አምፔር ሳያዩ ማሞቂያ ወይም ካውያ አይሰካበትም።

ረብሻው በሌላ መንገድ ነው የሚያዘው። ላኪው ዝም ባለበት ሰዓት መሣሪያው ላይ የሚታይ ነገር ካለ፣ መስመሩ ላይ ሌላ የሚጮኽ አለ ማለት ነው። ይህ ከሁሉ የማልዘልለው ምርመራ ነው። ላኪው ዝም ሲል መስመሩ ዝም ካለ የተበላ ሲግናል እፈልጋለሁ፤ ዝም ካላለ ጯሂውን። ጯሂዎቹ ብዙ ጊዜ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀሮች፣ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎችና የቆዩ ፍሎረሰንት መብራቶች ናቸው። ለዚህ ነው ከምርመራው በፊት ቁጭ ብዬ የምጠይቀው። መቼ ነው እምቢ የሚለው? ማን ቤት ሲገባ? አንዱ ቤት ምሽት ላይ ብቻ ይቸገሩ ነበር። ባልየው ታክሲ ነድቶ፣ ሚስትየው ከሆስፒታል ፈረቃዋ ወጥታ፣ ልጆቹም ከትምህርት ቤት ተመልሰው ሁሉም ስልካቸውን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይሰካሉ። ከቻርጀሮቹ መካከል አንዱ ነበር መስመሩን የሚረብሸው። መሣሪያ የሌለው ሰው በባትሪ የሚሠራ ኤኤም ራዲዮ ጣቢያ በሌለበት ቦታ አስተካክሎ ወደ ተጠረጠረው ዕቃ ያስጠጋው፤ ድምፁ ሲጎላ ፍንጭ ይሆነዋል። ፍንጭ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ማረጋገጫው ዕቃውን ነቅሎ መብራቱን ማዘዝ ነው።

ግማሹ ቤት ሠርቶ ግማሹ የማይሠራ ከሆነ ግን ካፓሲተርም ቻርጀርም ከመፈለጌ በፊት ፓኔሉን አያለሁ። የአሜሪካ ቤት ከምሰሶው ትራንስፎርመር የሚመጡለት ሁለት የ120 ቮልት መስመሮች አሉት። ላኪው በአንዱ፣ መብራቱ በሌላው ላይ ከሆነ ሲግናሉ እስከ ምሰሶው ሄዶ መመለስ አለበት፤ ሲመለስም ደክሞ ነው። እዚህ ላይ ቤተሰቡ የሚነግረኝን በጥሞና እሰማለሁ። «ልብስ ማድረቂያው ሲሠራ መብራቱ ይታዘዛል፣ ሲያቆም እምቢ ይላል» ያለችኝ እናት ምርመራውን ጨርሳልኛለች። ማድረቂያው 240 ቮልት ስለሚወስድ ማሞቂያ ሽቦው በሁለቱ መስመሮች መካከል ድልድይ ሆኖ ሲግናሉን ያሻግረዋል። ማድረቂያ በሌለበት የኤሌክትሪክ ኦቨኑን ለጥቂት ደቂቃ አብርቶ መሞከር ይቻላል። በቋሚነት የሚፈታው ሁለቱን መስመሮች የሚያገናኝ ካፕለር ነው፤ ቤቱ ሰፊ ከሆነ ሲግናሉን ተቀብሎ አጉልቶ የሚደግመው ዓይነት ይሻላል። ይህ ፓኔል ውስጥ የሚገባ ሥራ ስለሆነ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይሥራው። ዋናው ብሬከር ጠፍቶም ከቆጣሪው የሚመጡት ሽቦዎች ኤሌክትሪክ አላቸው፤ ይገድላሉ።

ብዙ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሲግናል ማጉያ ይገዛል። አልስማማበትም። ሲግናል የሚበላው ዕቃ ባለበት ማጉያ ቢገባ ለጊዜው ይሠራል፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቴሌቪዥን ሲመጣ ግን ችግሩ ይመለሳል፣ ያኔ ደግሞ ለማግኘት ይከብዳል።

መብራት አልታዘዝ ሲል ሰው ይናደዳል፤ ሳይታዘዝ ሲበራ ግን ይፈራል። ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ለመጠየቅ የመጡ አንዲት እናት ሌሊት የኮሪደሩ መብራት በራሱ እየበራ እንቅልፍ አጥተው ነበር። ጠበል ረጭተዋል፣ ጸሎትም አድርሰዋል። «ልጄ፣ ይህ ቤት ደህና አይደለም» አሉኝ። «እማማ፣ አይዞዎት፤ እስኪ ፊደሉን ልየው» ብዬ ማብሪያውን አየሁት። የቤቱ ፊደል ኤ ላይ ነበር፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚመጣው እንዲሁ ነው፤ ብዙ ሰውም ሳይነካው ይተወዋል። ከአንድ ትራንስፎርመር የሚቀበሉ ጎረቤታሞች ሲግናላቸው አንዱ ወደ ሌላው ቤት ሊገባ ይችላል። ጎረቤቱ የራሱን መብራት ሲያበራ የእኛም አብሮ ይበራ ነበር። ሁሉንም ወደ ሌላ ፊደል ቀየርኩላቸው። ጸሎቱን ግን እንዲተዉ አልነገርኳቸውም፤ የሚያጽናናቸው እሱ ነበር።

ኤልኢዲ አምፖል ሲገባ የሚመጣ ሌላ ጣጣ አለ። የድሮዎቹ ተቀባዮች፣ ማለትም ሞጁሎቹ፣ የተሠሩት ለባለ ክር አምፖል ነው። አንዳንዶቹ መብራቱ ከራሱ ማጥፊያ መነካቱን ለማወቅ ሲሉ ሲጠፋም ትንሽ ከረንት በአምፖሉ ውስጥ ያሳልፋሉ። ያቺ ከረንት ባለ ክሩን አታበራም፤ ኤልኢዲውን ግን ታብለጨልጨዋለች። ይህ ከሲግናልም ከረብሻም አይደለም፣ አምፖሉና ሞጁሉ አለመስማማታቸው ነው።

«ለአዲስ አበባው ቤቴ ልላከው?» የሚሉኝም አሉ። ከዚህ የተገዛው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ስለሆነ በአገር ቤቱ 220 ቮልት ይቃጠላል። ለ230 ቮልትና ለ50 ኸርዝ የተሠራ የአውሮፓ ዓይነት አለ። ቤቱ ሦስት ፌዝ የሚገባበት ከሆነ ግን ሦስቱንም ማገናኘት ያስፈልጋል።

ሥራዬን ስጨርስ የፓኔሉ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ወረቀት እለጥፋለሁ። የቤቱን ፊደል፣ እያንዳንዱ መብራት ቁጥሩ ስንት እንደሆነና በየትኛው መስመር ላይ እንዳለ፣ ፊልተሮቹ የትኛው ሶኬት ላይ እንደተሰኩ፣ በየክፍሉ የለካሁትንም ሲግናል ከነቀኑ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እጽፍበታለሁ። ከእኔ በኋላ የሚመጣው ኤሌክትሪሻን ማንም ይሁን፣ የዛሬውን ልክ ከዚያን ቀን ልክ ጋር አስተያይቶ የተለወጠው ክፍል የትኛው እንደሆነ ወዲያው ያገኛል።