ከምን የተፈታ? ስለ «ሉስ» እና ስለ «ልቅ»

ባለፈው እትም የአንድ ጓደኛችንን ግጥም የገመገመው ጸሐፊ «ልቅ ግጥም ነው» ብሎ ደመደመ። ገጣሚው ተቀየመ፤ ሰዉም ስለ ግጥሙ ትቶ ስለ ልጁ ጠባይ ያወራ ጀመር። ኋላ ሐያሲውን ብጠይቀው በልቡ የነበረው «ሉስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ኖሯል። ስንኞቹ በደንብ አልተያያዙም ለማለት ነበር እንጂ ጸያፍ ናቸው ማለቱ አልነበረም። በአንዲት ቃል ሰው እንዲህ ይጎዳል!

እስቲ ቃሉን እንየው። «ሉስ» ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንታዊው የኖርስ ቋንቋ ነው። «ሆምለስ»ን በመሳሰሉ ቃላት መጨረሻ የምናገኘው፣ እኛ «የለሽ» የምንለው «ለስ» የሥጋ ዘመዱ ነው። እንግዲህ ሥሩ የሚናገረው ስለ ማሰሪያው መጉደል እንጂ ስለ ነገሩ ጠባይ አይደለም።

እንግሊዙ ይህን አንድ ቃል ለሁሉም ያዳርሰዋል። አማርኛ ግን «ከምን ተፈታ?» ብሎ ይጠይቃል። ብሎኑ የላላ ነው፤ ጥርሱ የሚነቃነቅ፤ ውሻው የተለቀቀ፤ ቀሚሱ ሰፊ፤ ገንዘቡ ዝርዝር፤ ወረቀቱ ያልተጠረዘ። ቃል በቃል ያልሄደውን ትርጉም «ነጻ ትርጉም» እንለዋለን፤ «ልቅ ትርጉም» ብንለው ተርጓሚውን መስደብ ይሆናል። «ልቅ ግጦሽ» ስንል ከብቱ ያለገደብ ይግጣል ማለታችን ነው፤ ወደ ሰው ሲመጣ ግን ቃሉ ፍርድ ያዘለ ነው። እንግሊዝኛውም እኮ ለሴት ሲነገር ይነክሳል፤ ለብሎን ሲነገር ማንንም አይነካ።

ደግሞስ መላላት ሁልጊዜ ጉድለት ነው ያለው ማነው? «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው። የላላውም የጠበቀውም የየራሱን ትርጉም ይሸከማል።

በበኩሌ ግጥሙን ደግሜ አነበብኩት። ሦስተኛው አንጓ በእርግጥ ከሁለተኛው ጋር አልተያያዘም፤ እዚህ ላይ ሐያሲው ልክ ነው። የመጀመሪያው አንጓ ግን ሆን ተብሎ የላላ ይመስለኛል፤ የሚያወራው ስለተበተነ ቤተሰብ ነዋ! ይህን ቢነግሩት ገጣሚው አንዱን ያርም፣ ሌላውን ይተው ነበር። «ልቅ» ሲባል ግን ምኑን ያርም?

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ከመፍረዳችን በፊት የትኛው ስንኝ ከየትኛው እንደተፈታ በጣታችን እናሳይ።