በመንዝ ስላሉ የጥንት መቃብሮች የተጻፈ መጽሐፍ

ፎቬልና ፑዋሶኒዬ የተባሉት ሊቃውንት ስለ ሻይ ባህል በፈረንሳይኛ ጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ዓመት ያሳተሙት መጽሐፍ የደጋችንን የጥንት ሰዎች መቃብር የሚገልጽ ነው። ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት በመንዝና በአካባቢው የኖሩት እነዚህ ሰዎች ሙታናቸውን ከታላቅ የድንጋይ ክምር በታች ሲቀብሩ፤ የሸክላ ዕቃና ከባሕር ማዶ የመጣ የብርጭቆ ዶቃ ያኖሩላቸው ነበር።

የቁፋሮው ድካም ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ደራሲዎቹ በመጽሐፉ ርእስ «አረማውያን መኳንንት» ማለታቸው ልብን አያጠግብም። «አረማዊ» የሚለው ቃል ያልሆኑትን እንጂ የሆኑትን አይነግረንምና። ጽሕፈት ባይተዉልንም፤ የሩቅ አገር ንግድ እስከ ደጃቸው መድረሱን ዶቃቸው ይመሰክራል። እንግዲህ አንባቢዎቻችን ወደ መንዝ ቢሄዱ፤ ከዚያ ክምር ለካብ የሚሆን ድንጋይ ከማንሣታቸው በፊት የማን አባት እንደ ተኛበት ያስቡ።