ማስረጃና እምነት፤ ስለ ዴቪድ ሂዩም መጽሐፍ

በምዕራባውያን የፍልስፍና ታሪክ ውስጥ «ከሐዲ» የሚለው ስም ያለ ጥንቃቄ የተሰጣቸው ሰዎች ብዙዎች ናቸው። የስኮትላንዱ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም ከእነዚሁ አንዱ ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1745 ዓ.ም. በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ የመምህርነት ወንበር በፈለገ ጊዜ፣ በክሕደት ስለ ተከሰሰ ሳያገኘው ቀረ። ስለ ተፈጥሯዊ ሃይማኖት በንግግር መልክ የጻፈውንም መጽሐፍ በሕይወቱ ሳለ አላሳተመውም። በ1776 ከሞተ በኋላ ወዳጁ አዳም ስሚዝ እንኳ ሊያሳትመው ስላልወደደ፣ በ1779 ያወጣው የወንድሙ ልጅ ነው። ይህን ያህል የተፈራ መጽሐፍ በእርግጥ እግዚአብሔርን ይክዳልን?

በመጽሐፉ ውስጥ ሦስት ሰዎች ይከራከራሉ። ክሌአንቴስ፣ ቤት ያለ ሠሪ እንደማይቆም ሁሉ ይህ በሥርዐት የተሰናዳ ዓለምም አሳቢ ፈጣሪ ሊኖረው ይገባል ይላል። ተጠራጣሪው ፊሎ ሲመልስ፤ ቤት ሲሠራ ብዙ ጊዜ አይተናል፣ ዓለም ሲፈጠር ያየ ግን ማን ነው? ደግሞስ ዓለም ከቤት ይልቅ እንስሳን ወይም ተክልን አይመስልምን? መርከብንስ ብዙ ሠራተኞች ተባብረው ይሠሩት የለምን? ይላል። በዐሥረኛውና በዐሥራ አንደኛው ክፍልም የፍጥረትን መከራ እየዘረዘረ፣ ከዓለሙ አኳኋን ተነሥቶ የፈጣሪን ፍጹም ቸርነት ማስረዳት እንደማይቻል ያሳያል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ፊሎ ያፈረሰው ማስረጃውን ነው እንጂ የእግዚአብሔርን መኖር አይደለም። ምስክሩ ስለ ተነቀፈበት ብቻ ባለጉዳዩ ሐሰተኛ ነው አይባልም። ፊሎ ራሱም በመጨረሻው ክፍል፣ የዓለም ሥርዐት ምክንያት የሰውን አእምሮ በሩቁ ሊመስል እንደሚችል ይቀበላል። ይህን ለይምሰል ያለው ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ደራሲው የልቡን ስለ ሸሸገ፣ በግምት ከሐዲ ብሎ መፍረድ አይገባም።

መጽሐፉን የምንነቅፍበት ምክንያት ሌላ ነው። ሦስተኛው ተናጋሪ ዴሜያ፣ ሰው እግዚአብሔርን የሚሻው በክርክር ተረትቶ ሳይሆን ድካሙንና ጉስቁልናውን በልቡ ዐውቆ ነው ይላል። ፊሎ የተስማማ መስሎ ቃሉን ከተቀበለ በኋላ፣ ያንኑ ጉስቁልና ክሌአንቴስን መርቻ ያደርገዋል። ዴሜያም ወዳጅ የመሰለው ሰው ወዴት እንደ መራው ዘግይቶ ሲገባው፣ ምክንያት ፈጥሮ ተሰናብቶ ይሄዳል። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ እምነት ከተነገሩት ቃላት ሁሉ የጠነከረው ይህ ሲሆን፣ ተናጋሪው ከደጅ ወጣ እንጂ ቃሉ መልስ አላገኘም።

እርግጥ ሂዩም በ1757 ባወጣው ሌላ ጽሑፍ፣ የሃይማኖት መነሻ የሰው ፍርሃትና ተስፋ መሆኑን ለማስረዳት ደክሟል። ይሁን እንጂ የአንድን ስሜት ምንጭ ማሳየት፣ ስሜቱ የሚሻው ነገር የለም ማለት አይደለም። የተጠማ ሰው ውሃ የሚፈልገው ስለ ጠማው ነው፤ ጥሙ ግን ውሃ መኖሩንም አለመኖሩንም አያስረዳም።

ስለዚህ ይህን መጽሐፍ አማኙም ተጠራጣሪውም ያለ ፍርሃት ሊያነበው ይገባል። አማኙ ደካማ ማስረጃ ለእምነቱ ምሰሶ ሊሆነው እንደማይችል ይማርበታል። ተጠራጣሪውም በክርክር መርታትና እውነትን ማግኘት አንድ እንዳይደሉ ይረዳበታል።