ስለ ኢስትሮጅን ተቀባይ ጥናት አጭር ሂስ
በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ2005 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. የታከሙ 1070 የጡት ካንሰር ሕሙማንን ተከታትሎ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት አንድ ሥር የሰደደ ግምት አናግቷል። የኢስትሮጅን ተቀባይ በሁለት የዚንክ ጣቶቹ ዲኤንኤን ጨብጦ ሕዋስን ለመራባት የሚቀሰቅስ ፕሮቲን ነው፤ የአፍሪካውያን የጡት እጢ በአብዛኛው ይህ ተቀባይ እንደሌለው ይጻፍ ነበር። ከተመረመሩት ናሙናዎች ግን ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ተቀባዩን ይዘው ተገኙ። ርካሹ ክኒን ታሞክሲፌን የሚረዳው እነዚህኑ ስለሆነ ግኝቱ ከቤተ ሙከራ ያልፋል።

ይሁንና ጥናቱ የሚወክለው ሆስፒታሉን የደረሱትን ነው፤ ተቀባዩም የተለካው ለከፊሎቹ ብቻ ነው። አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጎጃም መንገድ ላይ በምትገኘው ጫንጮ እብጠቷን የደበቀች ሴት በቁጥሩ የለችም። ከዚያ የሚላክ ናሙናም ፎርማሊን ውስጥ በጊዜው ካልገባ፣ ተቀባዩ እያለ የሌለ ሊመስል ይችላል። ቀጣዮቹ ጥናቶች «አሉታዊ» ሲሉ ናሙናው ፎርማሊን እስኪገባ ስንት ሰዓት እንደቆየ አብረው ሊጽፉ ይገባል።