ደመወዝ ጎል ያገባል? የተጫዋቾች ክፍያና ድል፣ ከአሜሪካ ቤዝቦል እስከ እኛ ፕሪሚየር ሊግ

«ገንዘብ ያለው ክለብ ዋንጫውን ይወስዳል» የሚል አለ። «ብር ሜዳ ገብቶ አይሮጥም» የሚልም አለ። ከደባርቅ እስከ ዳባት ኳስ በሚታይበት ቤት ሁሉ ይህ ክርክር አይጠፋም። ሁለቱም ወገን ምሳሌ አያጣም፤ አንዱ ሀብታም ሆኖ ያሸነፈ ክለብ ይጠራል፣ ሌላው ሀብታም ሆኖ የተሸነፈ። ምሳሌ በምሳሌ ላይ መደርደር ግን ማስረጃ አይሆንም።

ጉዳዩ የኳስ ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባላነሳሁት። ከክለቦቻችን ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም ገንዘብ ነው። ለአንድ አጥቂ የሚከፈለው ብር ለሰፈር ሜዳ፣ ለታዳጊዎች አሰልጣኝ ወይም ለውሃ ቧንቧ ሊውል ይችል ነበር። ስለዚህ «ይህ ደመወዝ ድል ይገዛል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የሕዝብ ገንዘብ ምን እንደሠራ መጠየቅ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና ክለቦቹ ለዚህ አንድ መልስ ሰጥተው ነበር፦ የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ የውሳኔው ሐሳብ ትክክል ነበር፣ የተመረጠው መሣሪያ ግን የተሳሳተ ነው። ለምን እንደዚያ እንደምል ለማስረዳት መጀመሪያ ቁጥሩ ወደሞላበት ስፖርት ጎራ እንበል።

ቤዝቦል ለምን?

ቤዝቦል እኛ ዘንድ ብዙም አይታወቅም። ለተመራማሪ ግን ሰፊ ላቦራቶሪ ነው። በአሜሪካው ሜጀር ሊግ 30 ቡድኖች አሉ፤ እያንዳንዱ በመደበኛው ውድድር 162 ጨዋታ ያደርጋል፤ የተጫዋቾች ደመወዝ ደግሞ በየዓመቱ በጋዜጣ ይወጣል።

ታዋቂው ምሳሌ የ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ኦክላንድ አትሌቲክስ ለተጫዋቾቹ 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ኒው ዮርክ ያንኪስ 125 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈሉ። ሁለቱም እኩል 103 ጨዋታ አሸነፉ! ማይክል ሉዊስ «ማኒቦል» የተባለውን መጽሐፉን በ2003 የጻፈው በዚህ የኦክላንድ ቡድን ላይ ነው፤ በ2011 ብራድ ፒት የተወነበት ፊልም ሆነ።

ቅርብ ጊዜም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2023 ኒው ዮርክ ሜትስ ከ330 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ክብረ ወሰን የሰበረ የደመወዝ ክፍያ ይዞ ዓመቱን ጀመረ፤ 75 አሸንፎ 87 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ባልቲሞር ኦሪዮልስ ከ70 ሚሊዮን ዶላር ባነሰ ክፍያ 101 ጨዋታ አሸነፈ። እስቲ አስቡት፦ 162 ጊዜ ሳንቲም ብትወረውሩ በአማካይ 81 ጊዜ ዘውድ ይወጣል፤ በዕድል ብቻ 6 ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። 75 ማለት እንግዲህ አንድ ሳንቲም በቀላሉ የሚያመጣው ውጤት ነው።

ታዲያ ገንዘብ ዋጋ የለውም ልንል ነው? አንችልም። በማግስቱ፣ በ2024፣ ከከፋዮቹ ግንባር ቀደም የሆነው ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ዋንጫውን ወሰደ፤ በ2025ም ደገመው። ብዙ ዓመት አንድ ላይ ስናይ ብዙ የሚከፍሉ ቡድኖች በአማካይ የተሻለ ያሸንፋሉ፤ ግን ግንኙነቱ ልል ነው።

ፊልሙ የዘለለው

«ማኒቦል»ን ያየ ሰው የሚወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ስታቲስቲክስ የሚያውቅ ድሃ ሀብታሙን ያሸንፋል። ደስ የሚል ታሪክ ነው። እኔም እንደ ማንኛውም የምህንድስና ተማሪ ወድጄዋለሁ። ነገር ግን የተረቱ ግማሽ ተቆርጧል።

በ2002 የኦክላንድ ምሰሶ የነበሩት ሦስት ወጣት ወርዋሪዎች፣ ቲም ሃድሰን፣ ማርክ ሙልደርና ባሪ ዚቶ ነበሩ። ዚቶ በዚያ ዓመት የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ተብሎ ተሸለመ፤ የቡድን ጓደኛው ሚጌል ቴሃዳ ደግሞ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆነ። ማንም ያልፈለጋቸው ተጫዋቾች አልነበሩም፤ ኮከቦች ነበሩ። ታዲያ ለምን በርካሽ ተገኙ?

መልሱ ደንቡ ውስጥ ነው። በሜጀር ሊግ አንድ ተጫዋች ስድስት የአገልግሎት ዓመት ሳይሞላ በነጻነት ክለብ መምረጥ አይችልም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ገደማ የሚከፈለው ለዝቅተኛው ደመወዝ የቀረበ ነው። ስለዚህ የ24 ዓመት ኮከብ በርካሽ ይጫወታል፤ የ34 ዓመት ሰው፣ ጉልበቱ እየቀነሰም ቢሆን፣ በውድ። የቤዝቦል ደመወዝ ችሎታን ብቻ ሳይሆን ዕድሜንም ይለካል ማለት ነው። ግንኙነቱን ልል ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ፊልሙ የኮምፒውተሩን ብልሃት አጉልቶ ደንቡን አደበዘዘው።

የቱ ነው የሚቀድመው?

እግር ኳስ ጋ ሲኬድ ሥዕሉ ይለወጣል። ሳይመን ኩፐርና ስቴፋን ሺማንስኪ «ሶከርኖሚክስ» በተባለው መጽሐፋቸው ከ1978 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. የነበሩ 40 የእንግሊዝ ክለቦችን አይተው፣ የደመወዝ ልዩነት የደረጃ ልዩነትን 92 በመቶ ያብራራል አሉ። ይህ ቁጥር በየስፖርት ፕሮግራሙ ሲጠቀስ ትሰሙ ይሆናል። ሁለት ነገር ግን አብሮ አይነገርም። አንደኛ፣ የብዙ ዓመታት አማካይ ነው። አማካይ የዕድልን ውጣ ውረድ ያጠፋዋል፤ በአንድ ዓመት ውድድር ላይ ያን ያህል እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ሁለተኛ፣ የተለካው ክለቡ ስንት ከፈለ ሳይሆን ከሊጉ አማካይ አንጻር ስንት ከፈለ የሚለው ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ወዲያው እመለስበታለሁ።

ከዚያ በፊት ትልቁ ጥያቄ ይቀራል። ደመወዝ ድልን ያመጣል? ወይስ ድል ደመወዝን? ያሸነፈ ክለብ ደጋፊው ይበዛል፣ ስፖንሰሩ ይመጣል፣ ብሩ ይጨምራል፣ ተጫዋቹም «ይጨመርልኝ» ይላል። ሁለት ነገሮች አብረው መሄዳቸው የትኛው የትኛውን እንደጎተተ አይነግረንም።

ሺማንስኪ ከስቴፈን ሆልና ከአንድሩ ዚምባሊስት ጋር በ2002 ያሳተመው ጥናት ይህን ለመለየት ሞክሯል። ዘዴው ሲቃለል እንዲህ ነው፦ ያለፈው ዓመት ክፍያ የዘንድሮን ድል ቀድሞ ይጠቁማል? ወይስ ያለፈው ዓመት ድል የዘንድሮን ክፍያ? በእንግሊዝ እግር ኳስ ክፍያ ድልን ይመራል የሚለው ሐሳብ ፈተናውን አለፈ። በቤዝቦል ግን ከ1980 እስከ 2000 ባለው መረጃ ይህን የሚደግፍ ጠንካራ ማስረጃ አልተገኘም። ልዩነቱን ከገበያው አንጻር አብራርተውታል፦ በእግር ኳስ ተጫዋች በነጻነት ይገዛል፣ ይሸጣል፤ በቤዝቦል ደንቡ ያስረዋል። ስለዚህ «ደመወዝ ድል ያመጣል?» ለሚለው አንድ መልስ የለም፤ መልሱ በገበያው ደንብ ይወሰናል።

በቅሎዋ አትፈጥንም

አሁን ያዙልኝ ወዳልኩት ነጥብ። ከአምባራስ ወደ ጨነቅ ጓዝ የሚያጓጉዝ ባለበቅሎ አለ እንበል። ዋጋውን እጥፍ ብታደርጉለት በቅሎዋ እጥፍ አትፈጥንም፤ ዳገቱ ያው ዳገት ነው። ነገር ግን ከሌሎች መንገደኞች የበለጠ የከፈለ ጠንካራዋን በቅሎ ቀድሞ ይመርጣል። ጥቅሙ ከመምረጡ ነው።

ሁሉም መንገደኛ ዋጋውን እጥፍ ቢያደርግስ? በቅሎዎቹ ያው ናቸው። ጠንካራዋን የሚያገኘው ያው አንድ ሰው ነው። የተለወጠው ዋጋው ብቻ ነው።

ሊግም እንዲሁ ነው። በ16 ቡድን ሊግ ውስጥ አንደኛ የሚወጣው አንድ ነው፤ አንዱ ሲያሸንፍ ሌላው ይሸነፋል። ሁሉም ክለብ ደመወዙን በእጥፍ ቢያሳድግ በሊጉ ውስጥ የሚገኘው ድል ድምሩ በአንዲት ጨዋታ እንኳ አይጨምርም። ድል የሚገዛው የደመወዙ መጠን አይደለም፣ ከሌላው መብለጡ ነው። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ክለብ ለብቻው ሲታይ መጨመሩ ትክክል የሚመስለው፣ ሁሉም ሲደመሩ ግን የሕዝብ ገንዘብ ባዶ ሩጫ ላይ የሚያልቀው።

ተጫዋቾቹን ለመውቀስ አይደለም። የኳስ ዕድሜ አጭር ነው፤ ያገኙትን መቀበላቸው ያስመሰግናል እንጂ አያስወቅስም። ከጊዜ ብዛት ጥሩ ክፍያ ብዙ ልጆችን ወደ ስፖርቱ ሊስብም ይችላል። ግን ልጁ የሚሠለጥንበት ሜዳ ከሌለ ፍላጎቱ ብቻ ምን ያደርጋል?

ጣሪያው ምን ለወጠ?

ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. «ሩጫው ይቁም» መባሉ ምክንያት ነበረው። ችግሩ ጣሪያው የት ላይ ተሠራ የሚለው ነው።

አንዳንድ ሰው «ከጣሪያው በኋላ ሻምፒዮኖቹ ተለዋወጡ፣ ሊጉ ተመጣጠነ» ይላል። መዝገቡን እንየው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከ2006 እስከ 2009 ዓ.ም. በተከታታይ አራት ጊዜ አሸነፈ። በ2010 ገና ያደገው ጅማ አባ ጅፋር ወሰደው፤ በ2011 መቐለ 70 እንደርታ። የጊዮርጊስ ሰንሰለት የተበጠሰው ጣሪያው ከመምጣቱ አንድ ዓመት ገደማ በፊት ነው! ከጣሪያው በኋላስ? የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 የጎንደሩ ፋሲል ከነማ የመጀመሪያ ዋንጫውን አነሳ። በ2014 እና በ2015 ጊዮርጊስ ተመለሰ። በ2016 ከታች ያደገው ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በ2017 ኢትዮጵያ መድን ሻምፒዮን ሆኑ። ከዚህ ውስጥ የጣሪያውን እጅ ነጥሎ ማውጣት አይቻልም።

የፋሲልን ዓመት ብቻ ውሰዱ። በ2013 ጨዋታዎቹ በቴሌቪዥን መተላለፍ ጀመሩ፤ ውድድሩ በተወሰኑ ከተሞች እየተዘዋወረ ስለተካሄደ ክለቦች በሜዳቸው መጫወታቸው ቀረ፤ የትግራይ ክለቦችም በጦርነቱ ምክንያት አልነበሩም። አራት ነገር አንድ ላይ ሲለወጥ ውጤቱን ለአንዱ መስጠት በየትኛውም ቤተ ሙከራ አያስኬድም።

በዚያ ላይ የእኛ ውድድር አጭር ነው። ሊጉ 16 ቡድን በነበረበት ጊዜ አንድ ክለብ 30 ጨዋታ ያደርግ ነበር። አቻን ለጊዜው ትተን የሳንቲሙን ስሌት ብንደግመው፣ በ162 ጨዋታ ዕድል ብቻውን የአሸናፊነትን ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዛል፤ በ30 ጨዋታ 9 በመቶ ገደማ። አንድ ዋንጫ ይዞ «ደመወዙ ሠራ» ወይም «ደመወዙ አልሠራም» ማለት እንግዲህ ችኮላ ነው።

ትልቁ እንከን ግን ሌላ ነው። በደባርቅ ገበያ ገብስ የሚመዝን ሚዛን 50 ኪሎ ላይ ቢቆም፣ የ50 ኪሎውም የ80 ኪሎውም ጆንያ እኩል ይነበባል። ገብሱ ግን እኩል አልሆነም። በየሰው ላይ የተጣለ ጣሪያም እንዲሁ ነው፦ የሊጉ ምርጥ ተጫዋችና ደህናው ተጫዋች ወረቀት ላይ አንድ ይሆናሉ። የችሎታው ልዩነት ስላልጠፋ ክፍያው በቤት ኪራይ፣ በጉርሻ ወይም ወረቀት በማያውቀው መንገድ መውጫ መፈለጉ አይቀርም። ያኔ ወጪው ሳይቀንስ መለኪያው ብቻ ይበላሻል። ሀብታሙ ክለብም ቢሆን በ50 ሺህ ብር ሃያ ጎበዝ ተጫዋች ከመሰብሰብ ይህ ጣሪያ አያግደውም ነበር።

ሌሎች ጣሪያውን የሠሩት በቡድኑ ጠቅላላ ክፍያ ላይ ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያደርጋል። ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ደግሞ ጠቅላላ ክፍያው ከተወሰነው መጠን ያለፈን ቡድን ቀረጥ ያስከፍላል፤ ሜትስ ለ2023 ብቻ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ቀረጥ መጥቶበታል። እዚህም በቡድን ጠቅላላ ክፍያ ላይ የሚያርፍ ደንብ ከየግለሰቡ ጣሪያ ይሻላል፤ አንጻራዊውን ሩጫ የሚገታው እሱ ነውና።

እንዲህ ያለ ደንብ ግን በአንድ ሁኔታ ብቻ ይሠራል፦ ቁጥሩ ለሕዝብ ሲወጣ። የእያንዳንዱን ተጫዋች ኪስ መፈተሽ አያስፈልግም። ክለቡ በዓመት በጠቅላላ ለተጫዋቾች ስንት ከፈለ፣ ለታዳጊዎች ስንት አወጣ፤ ሁለት ቁጥር ይበቃል። አሥር ዓመት ቢጠራቀም ደባርቅ የተቀመጠ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ በስልኩ ሊያሰላው ይችላል። በሚቀጥለው ጊዜ ክለባችሁ ውድ ተጫዋች ሲያስፈርም «ስንት ተከፈለው?» ብላችሁ አታቁሙ። «ሌሎቹስ ስንት ከፈሉ? ገንዘቡስ ከየት መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ።